ለዕጢው የታዘዘው ጨረርና ልብ ያገኘው ጨረር፦ የልጆች ካንሰር ጥናት በዶዚሜትሪና በዳታ ሳይንስ

ሜዱሎብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ዕጢ ባለበት ልጅ የሕክምና መዝገብ ላይ «አንጎልና ሕብለ ሰረሰር፣ 23.4 ግሬይ፣ በ13 ጊዜ» የሚል መስመር ይገኛል። መስመሩ የሚናገረው ሐኪሙ ለሕክምናው ያዘዘውን የጨረር መጠን ነው፤ ግሬይ የመጠኑ መለኪያ ነው። የልጁ ልብ፣ ታይሮይድ፣ ኩላሊትና የውስጥ ጆሮ ስንት ስንት እንዳገኙ አይናገርም። ከ20 ዓመት በኋላ የልብ ድካም ወይም የታይሮይድ ካንሰር ቢመጣ ግን መልሱ ያለው በዚያ ባልተጻፈው ቁጥር ውስጥ ነው። የልጆች ካንሰር ለጨረር የሚሰጠውን ምላሽ የሚያጠኑ ሰዎች አብዛኛው ድካማቸው ይህን ቁጥር ለእያንዳንዱ ልጅና ለእያንዳንዱ አካል ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያም ልጁ ላይ በኋላ ከደረሰው ነገር ጋር ማገናኘት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ዶዚሜትሪ፣ ሁለተኛው ዳታ ሳይንስ ይባላል። ስለ ሁለተኛው ብዙ ይወራል፤ የመጀመሪያው ከተበላሸ ግን የቱንም ያህል የረቀቀ ሞዴል አያቃናውም።

ተመሳሳይ ቁጥር፣ የተለያየ ጉዳት

ጨረር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማቃጠልን ነው። 1 ግሬይ ማለት በ1 ኪሎ ግራም የሰውነት ክፍል ውስጥ 1 ጁል ኢነርጂ መቅረቱ ነው፤ ይህ ሰውነትን በአንድ ሺህኛ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ አያሞቅም። ጉዳቱ የሚመጣው ኢነርጂው በጥቃቅን ቦታ ተሰብስቦ ዲኤንኤን ስለሚመታ ነው። በ1 ግሬይ በአንድ ህዋስ ውስጥ 40 ያህል ቦታ ላይ የዲኤንኤው ሁለቱም ገመዶች አንድ ላይ ይበጠሳሉ። አንዱ ገመድ ብቻ ሲበጠስ ህዋሱ በቀላሉ ይጠግነዋል። ሁለቱ ሲበጠሱ ጥገናው ይከብዳል፣ ሊሳሳትም ይችላል። የተሳሳተው ጥገና አንዳንዱን ህዋስ ይገድላል፤ ዕጢ የሚጠፋው በዚህ ነው። አንዳንዱ ህዋስ ደግሞ ለውጡን ተሸክሞ መኖሩን ይቀጥላል፤ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ ሌላ ካንሰር መነሻ የሚሆነው ይህኛው ነው።

ጨረር በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ለልጆች ብዙ ጊዜ በቀን 1.5 ወይም 1.8 ግሬይ፣ በሳምንት 5 ቀን ይሰጣል። ጤነኛው ህዋስ በየመሐሉ ራሱን ይጠግናል። ስለዚህ ጠቅላላው መጠን ብቻውን ጉዳቱን አይነግረንም፤ በስንት ጊዜ እንደተከፋፈለም ማወቅ ያስፈልጋል። የተለያየ አከፋፈል ያላቸውን ሕክምናዎች ለማነጻጸር ባለሙያዎች ሁሉንም «በቀን 2 ግሬይ ቢሰጥ ኖሮ ከስንት ጋር ይተካከል ነበር?» ወደሚለው መለኪያ ይቀይራሉ። ቀመሩ ይህ ነው፦ ጠቅላላ መጠን × (የአንድ ቀን መጠን + አልፋ-ቤታ) ÷ (2 + አልፋ-ቤታ)። አልፋ-ቤታ የሚባለው አንድ የሰውነት ክፍል ለአንድ ቀኑ መጠን ትልቅነት ያለውን ስሱነት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ዘግይቶ ለሚታይ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ 3 ይወሰዳል፤ ለብዙ ዕጢዎች 10።

በቁጥር እንየው። አንዱ ልጅ 36 ግሬይ በ20 ጊዜ ወሰደ፤ በቀን 1.8 ማለት ነው። ሌላው 36 ግሬይ በ12 ጊዜ ወሰደ፤ በቀን 3። በወረቀት ላይ ሁለቱም 36 ናቸው። አልፋ-ቤታን 3 አድርገን ስናሰላ የመጀመሪያው 34.6፣ ሁለተኛው 43.2 ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ «36» ብሎ ያስገባ ተመራማሪ 9 ግሬይ የሚጠጋ ልዩነት ደብቋል። ከዚህ የሚብስ ስህተትም አለ። ስሌቱ በታዘዘው መጠን ላይ ሳይሆን አካሉ በየቀኑ ባገኘው መጠን ላይ መሠራት አለበት። በ20 ጊዜ 12 ግሬይ የደረሰው ኩላሊት በቀን ያገኘው 0.6 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለኩላሊቱ ተመጣጣኙ 8.6 ግሬይ ነው። አካሉ ሁሉም ቦታው እኩል መጠን ስለማያገኝ ትክክለኛው አሠራር ይህን ለእያንዳንዷ ትንሽ ኪዩብ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቮክሴል ማስላት ነው፤ የአካሉን አማካይ ወስዶ መቀየር አቋራጭ ነው።

ልጆች ላይ ነገሩ የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው። አካላቸው ትንሽ ስለሆነ ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበትና ታይሮይድ ተቀራርበው ይገኛሉ፤ አዋቂ ላይ አንድ አካል የሚነካ ጨረር ልጅ ላይ ሦስት አካል ይነካል። የሚያድገው አጥንት ይጎዳል፤ የአከርካሪ አጥንት ግማሹ ብቻ ጨረር ካገኘ አንዱ ጎን እያደገ ሌላው ይቀርና ጀርባ ይጣመማል። ከሁሉም በላይ ከፊታቸው ብዙ አሥርት ዓመታት አሉ። ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት ለመምጣት በቂ ጊዜ ያገኛል።

ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከማሽኑ ነው። የጨረር ማሽኑ በውኃ ታንክ ውስጥ በተቀመጠ አዮናይዜሽን ቻምበር በሚባል የጨረር መለኪያ ይለካል፤ በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር መስክ (ጨረሩ በሚያርፍበት ስፋት)፣ በተወሰነ ጥልቀት፣ 1 ሞኒተር ዩኒት፣ ማለትም ማሽኑ የሚያወጣውን ጨረር የሚቆጥርበት 1 አሃድ፣ 1 ሴንቲ ግሬይ እንዲሰጥ ይስተካከላል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት ከ1969 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለሆስፒታሎች ትናንሽ መለኪያዎችን በፖስታ እየላኩ ይህን ያረጋግጣሉ፤ ተቀባይነት ያለው ልዩነት ከ5 በመቶ ያልበለጠ ነው። ይህ ቼክ ያልተደረገለት ማዕከል መረጃ ከሌሎች ጋር ሲደባለቅ ማዕከሉ በሙሉ በ10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ሞዴሉም ልዩነቱን የልጆቹ ባሕርይ አድርጎ ያነበዋል።

ከዚያ ወደ ልጁ ዕቅድ ይኬዳል። በዘመናዊ ሕክምና የእያንዳንዱ ታካሚ ዕቅድ ዳይኮም በሚባለው የሕክምና ምስሎች የፋይል ቅርጸት በአራት ዓይነት ፋይል ይቀመጣል፦ የሲቲ ምስሎቹ (ሰውነትን በንብርብር የሚያሳዩ የራጅ ምስሎች)፣ የአካላቱ ዳር ድንበር የተሳለበት ፋይል፣ የጨረሮቹ አቅጣጫና ቅርጽ ያለበት ዕቅድ፣ እና መጠኑ በየ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትሩ የተሰላበት የመጠን ፋይል። አራቱ ሳይሟሉ ሥራው አይጀመርም። ሦስቱ ይዞ «አራተኛውን በኋላ እንፈልጋለን» ማለት ጥናቱን የሚያጓትት ዋና ምክንያት ነው።

ፋይሎቹ ከተሟሉ በኋላ መጀመሪያ የሚታረመው ስም ነው። አንዱ ሐኪም «ልብ»፣ ሌላው «ልብ አዲስ»፣ ሦስተኛው «ልብ ከፔሪካርዲየም (ከልብ ሽፋን) ጋር» ብሎ ስሏል፤ ግራ ኩላሊት በአንዱ ሆስፒታል «ግ ኩላሊት»፣ በሌላው «ኩላሊት ግራ» ነው። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ማኅበር በ2018 ያወጣው የስም ደረጃ ለዚህ ነው የተዘጋጀው። ስሙን ኮምፒውተር ሊያስተካክል ይችላል። ትርጉሙን ግን ሰው ማየት አለበት፤ «ልብ አዲስ» የተባለው ትክክለኛው ሊሆን ይችላል፣ ለሙከራ ተስሎ የተረሳም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጡት ስህተቶች ዝምተኛ ናቸው፤ ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ቁጥርም ይሰጣል። የመጠን ፋይሉ ጥሬ ቁጥሮቹን ወደ ግሬይ የሚቀይር አንድ ማባዣ አለው፤ ማባዣው ከተረሳ ውጤቱ በሺዎች የሚቆጠር ይሆናል፣ ይህ ቶሎ ይታያል። የማይታየው የዕቅዱ ግማሽ የጎደለ እንደሆነ ነው። ሜዱሎብላስቶማ ያለበት ልጅ መጀመሪያ ለመላው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር 23.4 ግሬይ፣ ቀጥሎ ለዕጢው ቦታ ጠቅላላው 54 እስኪሞላ ተጨማሪ ይወስዳል። የመጀመሪያው ዕቅድ ብቻ ከተጫነ የውስጥ ጆሮው መጠን በጣም ያንሳል፤ ቁጥሩ ግን ትክክል ይመስላል። ልጁ በመሐል ክብደት ቀንሶ ዕቅዱ እንደገና ከተሠራ ደግሞ ሦስተኛ ፋይል አለ። ሲቲው ከሆድ መሐል ላይ ከተቆረጠ ኩላሊቱ በከፊል ነው የሚታየው፤ የዚያ አማካይ መጠን የኩላሊቱ አማካይ አይደለም። ሕክምናው በፕሮቶን ቅንጣቶች የተሰጠ ከሆነ፣ ፕሮቶን ከተለመደው ጨረር ጥቂት በልጦ ይጎዳል ስለሚባል፣ መጠኑ በ1.1 ተባዝቶ የተጻፈ ነው ወይስ አይደለም የሚለውም መጣራት አለበት። ቀላሉና ከሁሉም የሚጠቅመው ቼክ ይህ ነው፦ ከፋይሎቹ ተደምሮ ለዕጢው ቦታ የተገኘውን መካከለኛ መጠን ከታዘዘው ጋር ማወዳደር። በጥቂት በመቶ ውስጥ ካልገጠመ አንድ ነገር ጎድሏል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

ከመስኩ ውጭ ያለው መጠን የራሱ ችግር አለው። የሕክምና ዕቅድ ሶፍትዌር የተሠራው ዕጢውንና ቅርብ አካላትን ለማስላት ነው፤ ከማሽኑ ጭንቅላት የሚያፈተልከውንና ተበትኖ የሚመጣውን ጨረር በደንብ አያውቀውም። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት የተለካውን ከተሰላው ጋር ሲያነጻጽር፣ ከመስኩ ጠርዝ ከ4 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ባለው ርቀት ሶፍትዌሩ መጠኑን በአማካይ በ40 በመቶ አሳንሶ እንደሚያሰላ አግኝቷል። ለዕጢው ሕክምና ይህ ምንም አይደለም። ስለ ሁለተኛ ካንሰር ለሚያጠና ሰው ግን ዝቅተኛው መጠን የጥያቄው እምብርት ነው። ስለዚህ ሩቅ ያሉ አካላት በልኬት ላይ በተመሠረተ ሌላ ሞዴል ወይም የጨረሩን ቅንጣቶች ጉዞ አንድ በአንድ በኮምፒውተር በሚያስመስለው የሞንቴ ካርሎ ስሌት ተለይተው ይሰላሉ።

የድሮ ታካሚዎችስ? ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት ለማየት ከ20 እና ከ30 ዓመት በፊት የታከሙትን መከታተል ግድ ነው፤ የእነሱ መዝገብ ደግሞ ሲቲ የለውም። በአሜሪካና በካናዳ ማዕከላት ከ1970 እስከ 1999 ታመው ቢያንስ 5 ዓመት የኖሩ ልጆችን የሚከታተለው የልጅነት ካንሰር ተራፊዎች ጥናት፣ መጠኑን እንደገና የሚገነባው በቴክሳሱ ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ባሉ ፊዚሲስቶች ነው። ከወረቀት መዝገቡ የመስኩን ስፋት፣ የጨረሩን አቅጣጫና ጉልበት፣ ጨረር የሚከላከለው የእርሳስ ብረት የት እንደተቀመጠ ያወጣሉ፤ ከዚያ ጨረሩን በልጁ ዕድሜ ልክ በተሠራ የኮምፒውተር ሰውነት ላይ ይሰጡታል። ደካማው ቦታ የመስኩ ጠርዝ ነው። በጠርዙ ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መጠኑ ከታዘዘው 80 በመቶ ገደማ ወደ 20 በመቶ ሊወርድ ይችላል። የልጁ ታይሮይድ በኮምፒውተር ሰውነቱ ላይ ካለበት ቦታ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከነበረ ለታይሮይዱ የተሰጠው ቁጥር ከእውነቱ በብዙ ይርቃል።

ከቁጥሩ ወደ መልሱ

የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 400,000 ገደማ ልጆችና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ ብሎ ይገምታል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ በበሽታ ዓይነት፣ በዕድሜ፣ በሕክምና ሲከፋፈል ግን አንድ ሆስፒታል በእጁ የሚቀሩት ጥቂት አሥሮች ናቸው። ከእነሱም ጉዳቱ የደረሰባቸው ያንሳሉ። 30 ልጆች የመስማት ችግር ባጋጠማቸው መረጃ ላይ 40 ዓይነት የመጠን መለኪያ የሚሞክር ሰው አንዱ በአጋጣሚ «ይሠራል»። በተለይ የመጠን መለኪያዎች ተያያዥ ናቸው፤ 5 ግሬይ ያገኘው የሳንባ ድርሻ ከፍ ካለ 20 ግሬይ ያገኘውም አማካዩም አብረው ከፍ ይላሉ። ሞዴሉ አንዱን መርጦ ሌላውን ቢጥል ምርጫው ባዮሎጂን አያሳይም። ልምድ ያላቸው አጥኚዎች ለእያንዳንዱ መለኪያ 10 ያህል ክስተት፣ ማለትም ጉዳቱ የደረሰባቸው 10 ያህል ልጆች፣ ይጠይቃሉ፤ መለኪያዎቹንም ውጤቱን ከማየታቸው በፊት ይመርጣሉ።

የመጠንና የጉዳት ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር ነው ብሎ መነሳትም ያሳስታል። የተራፊዎቹ ጥናት በ2005 ያወጣው የታይሮይድ ካንሰር ውጤት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ አደጋው ከመጠኑ ጋር ይጨምርና ከ20 እስከ 29 ግሬይ አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በላይ ይወርዳል። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ከፍተኛው መጠን ለውጥ ሊሸከሙ የሚችሉትን ህዋሶች ራሳቸውን ስለሚገድል ነው የሚል ነው። በዚህ መረጃ ላይ ቀጥታ መስመር የሚጭን ሶፍትዌር በ10 ግሬይ ያለውን አደጋ አሳንሶ፣ በ50 ያለውን አጋኖ ያቀርባል።

የጡት ካንሰሩ ውጤት ከዚህም ይልቅ አስተማሪ ነው። በ2009 በታተመው ትንተና መሠረት አደጋው ከጡት መጠን ጋር ቀጥ ብሎ ይጨምራል፤ ጡት ላይ 40 ግሬይ የደረሳቸው ሴቶች ጨረር ካላገኙት 11 እጥፍ አደጋ ነበረባቸው። ኦቫሪያቸው 5 ግሬይና ከዚያ በላይ ባገኘ ሴቶች ላይ ግን ጭማሪው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ኦቫሪው ሲጎዳ ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ ያለ ሆርሞኑ ጡት ውስጥ የተጀመረው ለውጥ እንደልቡ አያድግም። የጡቱን መጠን ብቻ ያሰላ ጥናት ይህን ፈጽሞ አያይም ነበር። የታመመውን አካል ብቻ ሳይሆን የሁሉንም አካላት መጠን ማስላት ለምን ያን ሁሉ ድካም እንደሚያዋጣ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የመጠን ስህተት ውጤቱን በሁለት መንገድ ያበላሻል፤ የቱ እንደሆነ መለየትም ይቻላል። የእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር በራሱ ልኬት ስህተት ወዲያና ወዲህ ከተበተነ መጠንን ከጉዳት ጋር የሚያገናኘው መስመር ይተኛል፤ ጨረሩ ከእውነተኛው ያነሰ ጎጂ መስሎ ይታያል። ለአንድ ቡድን ልጆች ሁሉ የቡድኑ አማካይ ከተሰጠ ደግሞ መስመሩ ብዙም አይተኛም፤ የእርግጠኝነት ወሰኑ ግን ይሰፋል። የድሮ መዝገቦች ሁለቱንም ቀላቅለው ይይዛሉ። መፍትሔው አንድ ቁጥር ከመያዝ ይልቅ ለእያንዳንዱ ልጅ በርካታ ሊሆኑ የሚችሉ መጠኖችን ማመንጨትና ትንተናውን በሁሉም ላይ ማስኬድ ነው።

ሞዴል ሲፈተን ዕቅዶቹ ለመማሪያና ለመፈተኛ በዘፈቀደ መከፈል የለባቸውም። የአንድ ልጅ ሁለት ዕቅድ አንዱ በመማሪያው፣ ሌላው በመፈተኛው ቡድን ከገባ ሞዴሉ ልጁን ያውቀዋልና ውጤቱ ያምራል። ትክክለኛው መንገድ አንድን ሆስፒታል በሙሉ ለፈተና ማስቀረት ነው። ያኔ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ይወርዳል፤ የወረደው ቁጥር ነው እውነተኛው።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን መጠን ራሱ በዕጣ ያልተሰጠ መሆኑ ነው። ከፍተኛ አደጋ ያለበት ሜዱሎብላስቶማ 36 ግሬይ፣ መካከለኛው 23.4 ይወስዳል። መረጃውን ብቻ ያየ ሞዴል «36 የወሰዱት በብዛት ይሞታሉ» ይላል፤ የሚያየው ግን የበሽታውን ክፋት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ የሚፈታው በዕጣ የተከፈለ ሙከራ ነው። መካከለኛ አደጋ ባለባቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት ልጆች ላይ 18 ግሬይ ከ23.4 ጋር ተነጻጽሮ፣ በ5 ዓመት በሽታው ሳይመለስባቸው ወይም ሌላ ክፉ ነገር ሳይደርስባቸው የቆዩት 71.4 በመቶና 82.9 በመቶ ሆኑ፤ አንጎልን ለማዳን የተቀነሰው መጠን ዕጢውን መልሶ አመጣው። በዚያው ሙከራ ተጨማሪውን ጨረር ከመላው የኋላ አንጎል ክፍል ወደ ዕጢው ቦታ ብቻ ማጥበብ ግን ጉዳት አላመጣም። ሁለቱም በ2021 ታትመዋል። መጠኑን መቀነስና ቦታውን ማጥበብ የተለያዩ ውሳኔዎች እንደሆኑ ያሳየው ዕጣው ነው።

መጠን ብቻውን የማይገልጸውም አለ። ሲስፕላቲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የወሰደ ልጅ ጆሮው በአነስተኛ ጨረር ይጎዳል፤ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ሌላው የካንሰር መድኃኒት ለልብም እንዲሁ። ስለዚህ የመድኃኒቱ ጠቅላላ መጠን በሰውነት ስፋት ተሰልቶ ከግሬዩ ጎን መግባት አለበት። የዘር ውርስም አለ፦ ለዲኤንኤ ጥገና የሚያስፈልገው የኤቲኤም ጂን ሁለቱም ቅጂዎቹ የተበላሹበት ልጅ ለሌላው ተራ በሆነ መጠን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ካንሰርን ከሚገቱት ጂኖች አርቢ-1 ወይም ቲፒ-53 የተበላሸበት ደግሞ በጨረሩ መስክ ውስጥ ሁለተኛ ካንሰር የማውጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እነዚህ ልጆች ከሌላው ጋር በአንድ መስመር ሲጨመቁ አማካዩ ለማንም የማይሆን ቁጥር ይሆናል።

አዲስ ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። ሕክምናው ባለቀ ማግስት አራቱም የዳይኮም ፋይሎች፣ የተጨማሪውና የተሻሻለው ዕቅድ ጭምር፣ ከዕቅድ ሶፍትዌሩ ወጥተው በሌላ ቦታ ይቀመጡ፤ ሶፍትዌሩ ከ10 ዓመት በኋላ ሲቀየር የድሮው ማኅደር የማይከፈት የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ጨረሩ በትክክል የተሰጠባቸው ቀናት፣ ከተቋረጠም ምክንያቱ፣ የልጁ ቁመትና ክብደት በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን፣ የኬሞቴራፒ ድምር መጠን፣ በየቀኑ ለአቀማመጥ የተነሱት ምስሎች ብዛት ይመዝገቡ። የልጁ የሆስፒታል ቁጥር ደግሞ በሚስጥር ኮድ ይተካ፤ ኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በማዕከሉ ውስጥ ይቆለፍ እንጂ አይጥፋ፤ ዝርዝሩ ከጠፋ ከ20 ዓመት በኋላ የልብ ምርመራው ውጤት ከየትኛው ልጅ የጨረር መጠን ጋር እንደሚገናኝ የሚያውቅ አይኖርም።